ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ በጀሪፍ

ካርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ሁለት ዓይነት ጭስ ነበር። አንዱ በዓባይ ዳር ከተደረደሩት የጡብ ምድጃዎች ይነሣል፤ ወፍራም ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል። ሌላው አመሻሽ ላይ ከየግቢው የሚወጣው የቡናና የዕጣን ጭስ ነው። ከሥራ የሚመለስ ሐበሻ የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለበት የሚያውቀው በዚህኛው ነው። እኔም ዓርብ ዓርብ የማንኳኳው አንድ በር ነበረኝ። ቡናው ይስበኛል፤ ከቡናው ይልቅ ግን ከዐንገረቡ አልጋ ሥር የተቀመጠው ሻንጣ ይስበኝ ነበር።

ሻንጣው ቡናማ ነው። አንዱ መቆለፊያው ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። ውስጡ ልብስ የለም። ሠላሳ የማይሞሉ የአማርኛ መጻሕፍት፣ ጥቂት የተቀዳደዱ መጽሔቶችና አንድ ባለ መስመር ደብተር ናቸው ያሉት። መጻሕፍቱ ጊዜው ባለፈበት የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ስለተሸፈኑ አንዱ ላይ የጥር፣ አንዱ ላይ የሰኔ ወር ይነበባል፤ ርእስ አይታይም። የጥር ወሩ የማን እንደሆነ፣ የሰኔው የማን እንደሆነ የሚያውቁት የቤቱ እመቤት ብቻ ናቸው። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

እትዬ ሳምንቱን ሰው ቤት ምግብ ሲያበስሉ ይውላሉ። ዓርብ ዕረፍታቸው ነው። የቤተ መጻሕፍት ሙያ አልተማሩም፤ ደብተራቸው ግን ከብዙ መሥሪያ ቤት መዝገብ የጠራ ነበር። የተዋሰው ሰው ስም፣ መጽሐፉ፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን። ሕጋቸውም አጭር ነው፤ ሁለት ሳምንት፣ ሳይነግሩ ለሌላ አለማዋስ፣ ገጽ አለማጠፍ። መጽሐፍ ልዋስ ብሎ የመጣን ሰው የትኛውን እንደሚፈልግ አይጠይቁትም።

«ሰሞኑን እንዴት ነህ?» ይሉታል።

መልሱን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ሁለተኛውን ቡና ቀድተው፣ ከዚያ ነው ሻንጣውን የሚስቡት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ገብቻለሁ። እንደዚያ የጠየቀኝ ሠራተኛ ግን ጥቂት ነው።

ደለሉና ሰዉ

ጀሪፍ የሚለው ስም፣ ወንዝ ሞልቶ ሲመለስ ደለል ትቶለት የሚሄደውን ዳርቻ ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ምዕራብ ጀሪፍ በካርቱም በኩል ነው፤ ምሥራቅ ጀሪፍ ከወንዙ ማዶ። ጡብ ሠሪዎቹ የሚያቦኩት ጭቃ ዓባይ በክረምት ይዞት የሚወርደው ነው፤ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ ተራሮች የታጠበ አፈር። በካርቱም የቆመ ብዙ ግድግዳ የተሠራው ከዚህ አፈር ነው።

አፈሩ በሄደበት አቅጣጫ ሰውም ሄዷል። በደርግ ዘመን ከእስርና ከግድያ የሸሸው፣ ከኤርትራ ጦርነት የወጣው፣ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ የተሰደደው፣ ከዚያም በኋላ በመተማና በገዳሪፍ በኩል ሥራ ፍለጋ የገባው፣ ብዙው ካርቱም ደርሶ ያረፈው እንደ ጀሪፍና እንደ ደይም ባሉ ሰፈሮች ነው። ኢትዮጵያዊውና ኤርትራዊው በአንድ ግቢ ይከራዩ፣ በአንድ ረከቦት ይጠጡ ነበር። ሴቶቹ ብዙዎቹ መንገድ ዳር ሻይ ያፈሉ ነበር፤ አገሬው ሲት ሻይ ይላቸዋል። ወንዶቹ ምግብ ቤት፣ ግንባታ፣ ጋራዥ ይሠሩ ነበር። ሁሉም የሚፈራት አንዲት ቃል ነበረች፤ ከሻ። ፖሊስ መኪና አቁሞ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን የሚያፍስበት ቀን ስም ነው።

እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ መጽሐፍ የሚገዛ ገንዘብ አይተርፍም፤ ቢተርፍም የአማርኛ መጽሐፍ የሚሸጥበት ሱቅ በየመንገዱ የለም። መጽሐፉ የሚመጣው በሰው ነው። አገር ቤት ደርሶ የሚመለስ ሰው «ምን ላምጣልሽ?» ሲል በርበሬና ሽሮ ከሚያዙት መካከል አንዷ መጽሐፍ ታዛለች። መጽሐፉ ከበርበሬው ሥር ተቀምጦ ድንበር ይሻገራል። የእትዬ መጻሕፍት ሲገለጡ ድልህ ድልህ የሚሉት ለዚህ ነበር።

ካርቱም ለአማርኛ ጽሑፍ ባዕድ ከተማ አይደለችም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ከመግባታቸው በፊት ወራት የቆዩባት ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ለአርበኞች የሚላከው «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ የተጀመረው ከእንግሊዞች የፕሮፓጋንዳ ክፍል ጋር በዚያው በካርቱም ነው። በስደት ከተማ የታተመ አንድ ወረቀት ተራራ ላይ ያለ አርበኛ እጅ ይደርስ ነበር። የእትዬ ሻንጣ የዚያ ታሪክ ታናሽ ዘመድ ነው።

ለአዲስ መጤ፦ ፍቅር እስከ መቃብር

ከአገሩ ከወጣ ሦስት ወር ላልሞላው ሰው እትዬ የሚሰጡት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ምክንያታቸውን ጠይቄያቸው ነበር። ሰው ሁሉ የፍቅር መጽሐፍ ነው ይለዋል፤ እኔ ግን የመንገድ መጽሐፍ ነው እላለሁ አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በዛብህ ከማንኩሳ ወጥቶ በትምህርት ፍለጋ ይንከራተታል፤ ዲማ ደርሶ እንደገና ይሸሻል፤ አዲስ አበባ ይገባል። ሰብለ ወንጌል የአባቷን የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ጥላ፣ መልኳን ለውጣ፣ በእግሯ ዓባይን ተሻግራ ትከተለዋለች። ጉዱ ካሳ በተወለደበት አገር እየኖረ በሐሳቡ ስደተኛ ነው። ጀሪፍ ውስጥ ይህን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የሰብለን ጉዞ ሲያነብ በመተማ በረሓ የሄደበትን ሌሊት ያስታውሳል። ያን ሌሊት ለማንም ያልተናገረ ሰው ስለ ሰብለ መናገር ይችላል። ስለ ሰብለ እያወራ ስለ ራሱ ያወራል።

ሁለተኛ ምክንያትም ነበራቸው። መጽሐፉን ብዙ ሰው ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያውቀዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው አንድ ትውልድ ሥራውን አቁሞ ሰምቷል። ስለዚህ ማንበብ የማይችል ሰውም ከመጽሐፉ ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። እትዬ ይህን መጽሐፍ የሚያውሱት ሁልጊዜ ለሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያዳምጣል። ደብተራቸው ላይ ሁለት ስም በአንድ መስመር የሚጻፈው በዚህ መጽሐፍ ብቻ ነው።

ለጎረቤታሞች፦ ኦሮማይ

ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊ በአንድ ግቢ ሲኖሩ ቡናው ላይ የማይነሣ ወሬ አለ። የአንዱ ወንድም የሞተበትን ጦርነት የሌላው ወንድም ተዋግቶበታል። እትዬ እንዲህ ላሉ ጎረቤታሞች የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ይሰጡ ነበር፤ መጀመሪያ ለአንዱ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ለሌላው።

«ኦሮማይ» የሚተርከው በ1974 ዓ.ም. አሥመራ ላይ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ነው። ተራኪው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለዘመቻው ቅስቀሳ ከአዲስ አበባ ሄዶ ከአሥመራዊቷ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ርእሱ ራሱ የአሥመራ ቃል ነው፤ ከጣሊያንኛ የተወረሰ፣ አበቃ፣ አከተመ እንደማለት። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ኀላፊነቱ ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የታገደው መጽሐፍ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን ቀጠለ።

በዚያ ዘመን የተነበበው እንዲህ ነበር፤ በሌሊት፣ በፍጥነት፣ ነገ ለሌላ ሰው እንዲደርስ። ቤተ መጻሕፍት የማይደፍረውን መጽሐፍ ወዳጅ ለወዳጁ አደረሰው። ጀሪፍ ውስጥ የማስታውሰው ንባብ ደግሞ ጸጥ ያለ ነበር። አንዱ ጎረቤት መጽሐፉን ጨርሶ ሲመልስ ምንም አላለም። ሌላው ተዋሰው። ከወር በኋላ ቡና ላይ ስለ ፊያሜታ ጀመሩ፤ ስለ ራሳቸው ወንድሞች ሲጨርሱ መሽቶ ነበር። መጽሐፍ ሰዎችን ያስታርቃል ብዬ አልደመድምም። ሁለት ሰዎች ሊያወሩ ያልቻሉትን ነገር በሦስተኛ ሰው ስም እንዲጀምሩት ሲረዳ ግን በዐይኔ አይቻለሁ።

ከእስር ለወጣ፦ ነገም ሌላ ቀን ነው

በከሻ ተይዞ ሌሊቱን ወይም ሳምንቱን ታስሮ የወጣ ሰው ማንበብ አይፈልግም። ተኝቶ ጣሪያ ያያል። እትዬ ለዚህ ሰው መጀመሪያ የሚሰጡት ታሪኩን ነው፤ መጽሐፉን ኋላ። የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ ነቢይ መኰንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው በደርግ እስር ቤት ነው። ወረቀት አይፈቀድም ነበር። ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የሚወጣውን ብርማ ወረቀት እየሰበሰበ፣ በጥቃቅን ፊደል እየጻፈ፣ 3,000 በሚያህሉ ቁርጥራጮች ላይ ተርጉሞ ጨረሰው። ቁርጥራጮቹ በሲጋራ ፓኮ ተደብቀው እየተሾለኩ ወጡ፤ ከእስር ከተፈታ በኋላም እንደገና ተሰብስበው መጽሐፍ ሆኑ።

ስለ አሜሪካ ደቡብ ስለ አንዲት ግትር ሴት የተጻፈ መጽሐፍ ከካርቱም ስደተኛ ጋር ምን ያገናኘዋል ሊባል ይችላል። የሚያገናኘው የአማርኛው ቅጂ የተወለደበት መንገድ ነው። መጽሐፉን ሲይዝ የታሰረ ሰው እንዴት ቀኑን እንደቆጠረ ይይዛል። እትዬ ይህን መጽሐፍ ሲያውሱ የሁለት ሳምንቱን ሕግ አያስታውሱም ነበር። ሲሻልህ መልሰው ይላሉ።

ከሻንጣው ውጭ፦ የወንዙ ታችኛው መጻሕፍት

ዐረብኛ ማንበብ የለመዱ ወጣቶች ለእትዬ ሻንጣው ውስጥ የሌለውን ይነግሯቸው ነበር። ካርቱም የራሷ የመጻሕፍት ባህል ያላት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት መሀል ከተማ ላይ በየወሩ «መፍሩሽ» የተባለ የአሮጌ መጻሕፍት ገበያ ይነጠፍ ነበር፤ ስሙም የተነጠፈ ማለት ነው። ሻጩ መጽሐፉን መሬት ላይ ዘርግቶ ለገዢው ስለ መጽሐፉ ይተርክ ነበር።

ከዚያ ወገን የሚመከረው የመጀመሪያው መጽሐፍ የጠይብ ሳሊህ «ወደ ሰሜን የመሰደጃ ወቅት» ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንባቢ እጅ በገባበት ዘመን ማለት ነው። አንዱ ወንዝ ላይኛውና ታችኛው ዳር በአንድ ወቅት ሁለት ታላላቅ መጻሕፍትን ወለደ። የሐዲስ በዛብህ ከገጠር ወደ ከተማ ይሸሻል፤ የጠይብ ሳሊህ ተራኪ ከአውሮፓ ትምህርቱን ጨርሶ በዓባይ መታጠፊያ ወዳለች መንደሩ ይመለሳል፤ ሲመለስም አገሩ ውስጥ እንግዳ መሆኑን ያውቃል። ወደ አገር ቤት ልመለስ ወይስ ልቆይ እያለ የሚያመነታ ስደተኛ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ አያገኝም።

ሁለተኛው የዐብዱልዐዚዝ በረካ ሳኪን «ጃንጎ» ነው። ጃንጎ የሚባሉት በምሥራቅ ሱዳን በኢትዮጵያና በኤርትራ ድንበር አካባቢ ከእርሻ ወደ እርሻ የሚዞሩ ወቅታዊ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የገዳሪፍን ሰሊጥ ያጨደ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ብዙው ራሱ ጃንጎ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ዋና ቦታ የያዘች ኢትዮጵያዊት ሴትም አለች። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2009 በጠይብ ሳሊህ ስም የተሰየመውን ሽልማት አገኘ፤ ሱዳን ውስጥም ታገደ። አንድ ወጣት ጎረቤታችን ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ ምዕራፍ እያነበበ በአማርኛ ይነግረን ነበር። ስለ እኛ በሌላ ሕዝብ ቋንቋ ምን እንደተጻፈ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በዚያ መንገድ ነው።

መጽሐፍን ከሰው የሚያገናኝ ሙያ

እትዬ የሚሠሩት ሥራ በቤተ መጻሕፍት ሙያ ስም ያለው ሥራ ነው። ሕንዳዊው የሒሳብና የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣው መጽሐፍ ሙያውን በአምስት ሕጎች አሰረው። መጽሐፍ ሊነበብ እንጂ ሊቆለፍ አልተሠራም፤ ለእያንዳንዱ አንባቢ የሚሆነው መጽሐፍ አለ፤ ለእያንዳንዱ መጽሐፍም አንባቢ አለው፤ የአንባቢ ጊዜ ሊባክን አይገባም፤ ቤተ መጻሕፍትም ሕይወት እንዳለው ነገር የሚያድግ ነው። ከአምስቱ ሁለተኛውና ሦስተኛው የአገናኝ ሥራ ናቸው። መደርደሪያ ብቻውን አንባቢን አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

በብዙ አገር ያሉ የትንንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይህን በቀላል ዘዴ ይሠሩታል። በመግቢያው አጠገብ አንዲት መደርደሪያ ለሠራተኞቹ ምርጫ ይተዋሉ። የፅዳት ሠራተኛዋም፣ ጥበቃውም፣ መዝጋቢውም የወደዱትን መጽሐፍ ያስቀምጣሉ፤ ከሥሩ በእጅ ጽሑፍ ሁለት መስመር ይለጠፋል። ይህን መጽሐፍ ለምን እንደወደድኩት፣ ለማን እንደሚሆን። አንባቢ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ሒስ ይልቅ የጎረቤቱን የእጅ ጽሑፍ ያምናል።

ከእኛ ወገን ይህን ሙያ እስከ ጥጉ ያደረሰው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። ነገሌ ቦረና ያደገ የከብት ነጋዴ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መማሪያ ውጭ ያለ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው 19 ዓመት ሆኖት ነው። በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠራ። ሥራው ለልጆች መጽሐፍ መምረጥ ነበር። ለኢትዮጵያውያን ልጆች በአማርኛ የሚሰጠው ሲፈልግ ግን መደርደሪያው ባዶ ሆነበት።

የሚመክረው ያጣው ይህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፉን ራሱ ጻፈው። «ቂሎ ማሞ» በአማርኛና በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። በዚያው ዓመት በልገሳ የተገኙ 15,000 መጻሕፍት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ፤ በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖርበት ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላም ሐዋሳ ላይ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች ሰፈር እንዲሄዱ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ ብሎ መረጠው። ለአንድ ልጅ ምን ልስጠው ብሎ የጀመረ ሰው በዚያች አንዲት ጥያቄ የስንት ሺሕ ልጅ መንገድ ከፈተ።

ጀሪፍ የተወለዱ ልጆችም ይህን ሥራ ይፈልጉ ነበር። መንገድ ላይ ዐረብኛ፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ወይም ትግርኛ ይሰማሉ፤ ፊደል የሚቆጥሩበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። እትዬ ለእነርሱ የሚያነቡት የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» ነበር። ታሪኮቹ አጫጭር ናቸው፤ ቡናው እስኪፈላ አንዱ ያልቃል። ቤት የሚመታ ግጥም ስላላቸውም ዐረብኛ የለመደ ልሳን በአማርኛ እንዲፍታታ ይረዳሉ። ልጆቹ መጽሐፉን ሳይሆን እትዬን ፈልገው ይመጡና መጽሐፉን ወድደው ይሄዳሉ።

ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ሰው

አገር ቤት የወረዳ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ከሆነ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። መታወቂያ ይያዛል፤ ቦርሳ በር ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪው የራሱን ደብተር ይዞ ይገባና ለፈተና ያጠናል። ልብ ወለዱ ከጠረጴዛው ጀርባ ነው። የሚፈልገውን ርእስ የሚያውቅ ይጠይቃል፤ የማያውቅ ተቀምጦ ይወጣል። ብዙው ወጣት የሚፈልገውን አያውቅም፤ ምክንያቱም ስሙን የነገረው የለም።

ከዚያ ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ግን ብዙ ያውቃል። የትኛው መጽሐፍ ጠርዙ ጠቁሮ ገጹ እንደላላ፣ የትኛው ከገባ ጀምሮ እንዳልተገለጠ፣ የትኛዋ ተማሪ የበዓሉን አንዱን ጨርሳ ሌላውን እንደፈለገች በዐይኑ አይቷል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም ካታሎግ ላይ አይጻፍም። ሠራተኛው ጡረታ ሲወጣ አብሮት ይወጣል።

ሕንጻ እየሠራን ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱን መጻሕፍት ሲሰበስብ ኖሯል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲከፈት የአዲስ አበባ ወጣት በሰልፍ ገብቶበታል፤ ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ትልቁ ሕንጻ ትንሹን ጥያቄ ግን አይተካውም። በደብረ ታቦር፣ በወልድያ፣ በመተማ፣ በነገሌ ያለ አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛው ላይ አምስት የወደዳቸውን መጻሕፍት ቢያቆምና ከእያንዳንዱ ሥር በእጁ ሁለት መስመር ቢጽፍ ወጪው ካርቶንና እስክሪብቶ ነው። መመሪያ አያስፈልገውም፤ በጀት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው አለቃው የሠራተኛውን ንባብ እንደ ሥራ እንዲቆጥርለት ነው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሲያነብ ሲታይ ሥራ ፈቷል የሚባልበት አገር አንባቢ አያፈራም።

የተቃጠለው፣ የተረፈው

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተከፈተ። በሳምንታት ውስጥ ጀሪፍን የመሰሉ ሰፈሮች የተኩስ መንገድ ሆኑ። የሸሸውን ሐበሻ ለሁለተኛ ጊዜ አሸሸው፤ ብዙው የመጣበትን የገዳሪፍና የመተማ መንገድ ይዞ ተመለሰ። በዚያው ጦርነት ግንቦት ላይ በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሐመድ ዑመር በሺር የሱዳን ጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ለሱዳን ታሪክ የተሰበሰቡ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ጽሑፎች አመድ ሆኑ። ለሱዳናውያን አንባቢዎች ይህ ምን እንደሆነ የምናውቅ እኛ ነን፤ ከመቅደላ የተጫኑብን መጻሕፍት ዛሬም በሌላ አገር ናቸው።

እኔ ከጀሪፍ የወጣሁት ከጦርነቱ በፊት ነው። ስወጣ ያልመለስኩት አንድ መጽሐፍ እጄ ላይ ነበር። ሽፋኑ የሰኔ ወር ነው። ሲገለጥ አሁንም ድልህ ድልህ ይላል። እትዬ በሰላም አገር ቤት ገቡ፤ ሻንጣውን ይዞ መሮጥ ግን የሚቻል አልነበረም። በስልክ ሳገኛቸው ስለ ሻንጣው ብዙ አላወሩም። በሰው እጅ ላይ የነበሩትን ግን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ የትኛው ማን ጋ እንደቀረ፣ ያ ሰው አሁን የት አገር እንደሆነ። ዘጠኝ መጻሕፍት ተርፈዋል። የተረፉት የተዋሱት ናቸው።

ከጀሪፍ የተማርኩት ይህን ነው። የተቆለፈ መጽሐፍ ከነቁልፉ ይጠፋል፤ በሰው እጅ ያለ ግን ሰው በሄደበት ይሄዳል። የአገራችንንም የመጻሕፍት ታሪክ ብናየው ይህንኑ ይነግረናል። «ኦሮማይ»ን ከእገዳ ያተረፈው የተዋዋሰው ሕዝብ ነው። ነቢይ በሲጋራ ወረቀት የጻፈውን ከእስር ቤት ያወጡት በኪሳቸው የደበቁት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን ልማፀን። በየከተማው ለምትሠሩ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፦ የወደዳችሁትን መጽሐፍ ከጠረጴዛው ጀርባ አውጡት፤ ለምን እንደወደዳችሁት ጻፉበት፤ የመጣውን ወጣት ርእስ ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። በውጭ አገር ላላችሁ ማኅበራትና አጥቢያዎች፦ ከአዳራሻችሁ ጥግ አንዲት መደርደሪያና አንድ ደብተር አኑሩ፤ ቁልፉንም ማንበብ ለሚወድ ሰው ስጡ። ለአንባቢ ደግሞ፦ ቤታችሁ አቧራ የጠጣ አንድ ጥሩ መጽሐፍ አለ። ለማን እንደሚሆን አስባችሁ በዚህ ሳምንት አውሱት፤ ስሙንና ቀኑን መዝግቡ፤ ሲመልስም ሌላ ስጡት።

የሰኔውን መጽሐፍ በሚመጣው ዓርብ ለአንድ አዲስ አንባቢ አውሰዋለሁ። እትዬ ፈቅደውልኛል።